በእኛ ጓሮ የታጠፈው ቀለበት

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ከአርባ ምንጭ መውጫ ተነስታ በቀለበቱ አድርጋ ወደ ቤሌ መውጫ የምትወስደዋን ነው። ሹፌሩ ጎንና ጎኑን ተላጭቶ መሀሉን ብቻ ያቆመ ጎረምሳ ነው። እኛ ሰፈር ሲደርስ መንገዱ ድንገት ይታጠፋል፤ የጫነ መኪና እንኳ ፍሬን የሚያስይዝ ክፉ ኩርባ ነው። ልጁ መሪውን እየጠመዘዘ፣ "ይሄን ኩርባ ያሠራችው ሴትዮ የእጇን ይስጣት" አለ።

"የቷ ሴትዮ?" አልኩት።

"አያውቋትም እማማ? የሚኒስትር አክስት ናት አሉ። ጓሮዬን እንዳትነኩ ብላ ስልክ ደወለች፣ በቃ መንገዱ ዞረ።"

"አይተሃት ታውቃለህ?"

"የት አግኝቼ! እሷ ጥቁር መስታወት ባለው መኪና ነው የምትሄደው። ባጃጅ ልትሳፈር ነው?"

"ስልክስ ያኔ በየቤቱ ነበረ እንዴ?"

"ለእነሱማ መቼ ጠፍቶ!"

ኩርባው ላይ ስደርስ አውርደኝ አልኩት። "እዚህ ነው የሚኖሩት?" አለኝ። አዎ አልኩት። በመስታወቱ ነጠላዬን አየ፣ የጎማ ጫማዬን አየ፣ ዞሮ ደግሞ የቤቴን ቆርቆሮ አየ። ሒሳቡን ስሰጠው በሁለት እጁ ተቀበለኝና ራሱን ዝቅ አደረገ። ነገ ለጓደኞቹ ምን ብሎ እንደሚያወራ እግዜር ይወቀው።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ሳቄ መጣ፣ ሳቄ ሳያልቅ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። የዚህ ኩርባ ነገር እኔን ስንት ዓመት እንደበላኝ ያ ልጅ የት ያውቃል።

ቀለበት ይሉታል እንጂ ቀለበት አይደለም። ቀለበት ዞሮ ይገጥማል። ይሄኛው ከአርባ ምንጩ መንገድ ተገንጥሎ፣ ከተማውን በታች በኩል ታክኮ፣ የሰውን የእንሰት ጓሮና የቦዬ ሥራ ሥር ማሳ ሰንጥቆ ቤሌ መውጫ ይደርስና እዚያው ይቀራል። የቀረውን መቼ ነው የሚጨርሱት እያልኩ ድሮ እጠይቅ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ባይጨርሱት ይሻላል የምልበትም ቀን አለ፤ ግማሹ የበተነውን ሰው አይቼዋለሁና።

እኔ ተማሪ ቤት አልገባሁም። ፊደሉን ከጸሎት ቤት መዝሙር መጽሐፍ ላይ ለቅሜ ነው የያዝኩት። ስለዚህ ዓመተ ምሕረት አትጠይቁኝ። እኔ ዘመን የምለየው በልጆቼ ጥርስና በገበያው ዋጋ ነው። ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት ጊዜ ነበር። ቁምጣ ለብሰው፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምተው የገቡት ልጆች ቁምጣቸውን ጥለው ሱሪ መልበስ ከጀመሩ በኋላ ነው፤ ዞን ከሆንን በኋላ ይሁን ከዚያ በፊት እሱን አላውቅም። የሳልባጅ ገበያው ገና መድራቱ ነበር። ሰው ሁሉ የፈረንጅ ኮት ይለብሳል፤ ቆላ የሚወርደው ገበሬ ሳይቀር በሙቀት ቀን በወፍራም ኮት ያልበው ነበር። የኛ የሴቶቹ ደግሞ ባለ አበባ ጉርድ ቀሚስ፣ ናይለን ሻሽ፣ ከላይ ሹራብ። የአገራችንን ባለ ቀለም ሸማ፣ ዱንጉዛውን፣ አሁን እንደምታዩት ሁሉም የሚለብሰው አልነበረም፤ ሽማግሌዎች ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ለትልቅ ቀን የሚያወጡት ልብስ ነበር።

ያኔ መኪና የሚባል ሁሉ በከተማው መሀል ነው የሚያልፈው። የአርባ ምንጩ ሙዝ የጫነው፣ የቤሌው አውቶቡስ ዶሮ ጣሪያው ላይ ታስሮበት፣ የጉኑኖው ደግሞ በሰውና በቦዬ ጆንያ ተጠቅጥቆ። መናኸሪያው አጠገብ ሁለት ካሴት ቤቶች ፊት ለፊት ነበሩ። አንዱ መንፈሳዊ መዝሙር፣ አንዱ የጭፈራ ዘፈን በድምፅ ማጉያ ይለቃሉ። መሀል ላይ የቆመ ሰው በአንድ ጆሮው ይዘምራል፣ በአንዱ ይጨፍራል። እኛ የጸሎት ቤት ሴቶች በዚያ ስናልፍ ወደ መዝሙሩ ቤት ጠጋ ብለን ነው የምናልፈው፤ እግራችን ግን የትኛውን እንደሚሰማ እንጃ። ከሁለቱ ቀጥሎ የሐጂ ሱቅ አለ። ሐጂ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ነጭ ጋዝ፣ ስኳር በሰማያዊ ወረቀት ጠቅልለው ይሸጣሉ። ለሹፌሮች ደግሞ ልጃቸው ከሱቁ በር ላይ ሻይ ያፈላል። መሬቱ እዚያ ሰፈር ሁልጊዜ የስኳርና የናፍጣ ሽታ ነበረው። አሁን በዚያ ሳልፍ አፍንጫዬ ይፈልገዋል፣ የለም።

መጀመሪያ የታዩት ችካሎች ናቸው። ራሳቸው ቀይ ቀለም የተቀባ አጫጭር እንጨቶች፣ አንድ ጠዋት በየሰው ማሳ ተተክለው ተገኙ። ማን ተከለ፣ ማንም አላየም። ከዚያ ሰዎቹ ራሳቸው መጡ። ነጭ ቆብ ያደረገ አንድ ኢንጂነር፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ላይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ ዓይኑ ወደ ቤታችን ያያል። ወዲያ ማዶ ደግሞ አንድ የኛው አገር ሰው፣ ቀይና ነጭ ዝንጉርጉር ዘንግ ይዞ ይቆማል። ኢንጂነሩ እጁን ሲያወዛውዝ ባለ ዘንጉ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ይላል። ሰላም አይሉ፣ አይቀመጡ፣ ውኃ አይጠይቁ። ውኃ የማይጠይቅ እንግዳ ደግሞ እኛ አናምንም።

"ወርቅ ነው የሚፈልጉት" አለ አንዱ ጎረቤት።

"ወርቅ ካለ እኛ ቦዬ ስንቆፍር አናገኘውም ነበር?"

"እንሰቱን ሊቆጥሩ ነው፣ ግብር ሊጨምሩ።"

"የለም፣ ሰፈራ ነው። ቆላ ሊያወርዱን ነው፣ ለወባ።"

ሐጂ ብቻ ናቸው ያወቁት። ሳሙና ልገዛ ሄጄ ጉዱን ሳወራላቸው ሚዛናቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ። "መንገድ ነው" አሉኝ። "መኪናው በውጭ ሊያልፍ ነው። ወላሂ፣ ወርቅ ቢሆን ይሻለን ነበር። በውጭ የሚያልፍ መኪና የማን ሻይ ጋ ይቆማል?" እኔ ያኔ አልገባኝም። መኪና በውጭ ቢያልፍ ምን አለበት፣ አቧራው ይቀንስልናል ብዬ ነው የተመለስኩት። በውጭ ማለት የኛ ጓሮ መሆኑን አላሰብኩትም።

እንግዲህ ስለ አማረች ልንገራችሁ። አማረች የአጥር ጎረቤቴ ናት። እኔ ማርቆስን፣ እሷ አስቴርን በአንድ ክረምት ነው የወለድነው። እኔ ገበያ ስሄድ ማርቆስን እሷ ታጠባዋለች፣ እሷ ስትሄድ አስቴርን እኔ። አጥራችን ላይ ሁለት ሴት ጎን ለጎን የምታልፍበት ክፍተት ነበረ፤ ባሎቻችን ሊደፍኑት ሲነሱ ሁለታችን ከእነሱ ጋር ተጣልተን ነው ያስተውናቸው። ለጊፋታ በዓል ዓመቱን ሙሉ ቅቤ የምናጠራቅመው አብረን ነው፤ የሰፈሩ ሴቶች በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያመጣን አንድ ትልቅ እንስራ እንሞላለን፣ እንስራው ደግሞ በአማረች ቤት ነው የሚቀመጠው። በእጇ ስለማንጠራጠር። እሷም በኛ። ሰው ሰውን ሳይጠራጠር የሚኖርበት ጊዜ ነበር ልል ፈልጌ ነበር፣ ግን ውሸት ይሆንብኛል። እንጠራጠር ነበር። አማረችና እኔ ግን እርስ በርስ አይደለም።

ያን ቀን የኔ ጓሮ እንሰት ይፋቃል። የሰፈሩ ሴቶች ለደቦ መጥተዋል። እንሰት ፍቆ የማያውቅ ሰው ይሄ ነገር አይገባውም፣ ስለዚህ ላስረዳ። ሴቲቱ መሬት ላይ ቅጠል አንጥፋ ትቀመጣለች። ሳንቃው ፊቷ ተደግፎ ቆሟል። አንድ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ የእንሰቱን ሽፋን በተረከዟ ሳንቃው ላይ ትጫነዋለች፣ በእጇ ደግሞ የቀርከሃ መፋቂያውን ይዛ ቁልቁል ትፍቀዋለች። ቀሚስ እስከ ጭን ነው የሚሰበሰበው። ጭቃው፣ ውኃው፣ ሳቁ፣ ወሬው ሌላ። ባል የሚታማው፣ አማት የሚሰደበው እዚያ ነው። ስለዚህ በኛ ሰፈር እንሰት ሲፋቅ ወንድ ወደ ጓሮ ዝር አይልም፤ ባልም ቢሆን፣ የጸሎት ቤት ሽማግሌም ቢሆን። እንዲያውቁት ወደ ጓሮ በሚያስገባው የእግር መንገድ ላይ ለምለም የእንሰት ቅጠል አጋድመን እናስራለን። ቅጠሉን ያየ ወንድ በሌላ በኩል ይዞራል። ያን ቀን ቅጠሉን ያሰረችው አማረች ናት። ከሁሉም ቀድማ መጥታ ነበርና።

ረፋድ ላይ ከታች በኩል የሰው ድምፅ ሰማን። ያ ኢንጂነር ነው፤ "ቀጥል! ቀጥል!" ይላል። የባለ ዘንጉ ኮቴ እስከ ቅጠሉ ድረስ መጣና ቆመ። እኛ ሁላችን እግራችንን እንደሰቀልን ደርቀን ቀረን። አማረች ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሳቋን ትውጣለች። ባለ ዘንጉ አንድ ጊዜ ሳለ። ከዚያ ሄደ። ወዲያ ማዶ ሁለቱ ሲነጋገሩ ይሰማናል፣ ምን እንደሚሉ ግን አይሰማም። ኢንጂነሩ ድምፁ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ኮቴያቸው ወደ ላይ፣ ወደ አማረች ጓሮ በኩል ዞረ። እኛ መሄዳቸውን ስናውቅ ሳቃችን ፈነዳ። አማረች ያን ባለ ዘንግ አሳሳሉን እያስመሰለች ስታሳየን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሳቅኩ አይመስለኝም።

በማግስቱ ችካሎቹ በአማረች እንሰት መሀል ተተክለው አደሩ። በኔ ጓሮ ጫፍ ይመጡና፣ ልክ ቅጠሉ ታስሮበት የነበረው ጋ ሲደርሱ ወደ ላይ ታጥፈው፣ አማረችን ሰንጥቀው፣ ደግሞ ወደ ታች ይመለሳሉ።

መጀመሪያ ሁለታችንም አላመንንም። ያስተካክሉታል፣ ደግሞ ይመጣሉ አልን። መጡም፤ ግን ችካሉን ሊያጠብቁ ነው የመጡት። ቀጥሎ የቀበሌ ሰዎች፣ ቀጥሎ ምትክ ቦታ የሚሰጡ ሰዎች፣ ቀጥሎ ግሬደሩ። አማረችን ወደ ኦቶና በኩል፣ ዛፍ የሌለው መሬት ሰጧት። እንሰት ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው እንሰት ያለው ቤትና መሬት ብቻ ያለው ቤት አንድ አለመሆኑን ያውቃል። ሰው ሲሞት ለለቅሶ የሚነጠፈው የእንሰት ቅጠል እንኳ የለም።

ግሬደሩ ከመምጣቱ በፊት አንድ ከሰዓት በአጥራችን ክፍተት ቆማ ጠራችኝ። ወደ ውስጥ አልገባችም። ያኔ ነው የገባኝ።

"የማርቆስ እናት፣ ምን ሰጣችሁ?"

"ለማን?"

"ለማንማ አንቺ ታውቂያለሽ።"

"አማረች፣ ሞቼ ልገኝ፣ ምንም አልሰጠንም። አብረን አልነበርንም እንዴ? ቅጠሉን አይቶ እኮ ነው የዞረው።"

"ቅጠል!" አለች። "ለመቃብራችን ያልታጠፈ፣ ለጸሎት ቤታችን አጥር ያልታጠፈ መንገድ፣ ለቅጠል ይታጠፋል? ልጅ ነኝ እኔ?"

ምን ልበላት? መልሱ አፌ ላይ ነበር። ቅጠሉን ያሰርሽው አንቺ ነሽ፣ የዞረው በአንቺ እጅ ነው ብላት እኔ ነጻ እወጣለሁ። እሷ ግን ያን ይዛ ዕድሜዋን ሙሉ እንዴት ትተኛለች? የኔን እንሰት ልታግዝ መጥታ በራሷ እጅ የራሷን እንሰት ለግሬደር እንደሰጠች? ስለዚህ ዝም አልኩ። እሷ ደግሞ ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠረችው። በሳምንቱ የቅቤውን እንስራ ሰው አሸክማ ወደ ሌላ ሴት ቤት ላከችው፤ የራሷን ድርሻ ትታ። እንስራውን ተሸክማ ያደረሰችው ሴት፣ "ከእንግዲህ ከእናንተ ጋ አልበላም ብላለች" አለችን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለማንም ነግሬው የማላውቅ። እኔም እጠራጠር ነበር። አማረችን አይደለም፣ የማርቆስን አባት። ባሌ አናጺ ነው፣ በርና መስኮት የሚሠራ፣ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ሰው። በዚያ ሳምንት፣ ቅጠሉ ከመታሰሩ በፊት፣ ለሰርግና ለጸሎት ቤት ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ በሥራ ቀን ወጣ። የት ነበርክ ስለው፣ "እዚሁ" አለኝ። እዚሁ ማለት የት ነው? ችካሉ መዞሩን ስነግረው ደግሞ ወጥቶ እንኳ አላየም። ሰው ጓሮው ሲድን ወጥቶ አያይም? "ጥሩ ነው" ብሎ እንጨት መላጉን ቀጠለ። አንድ ቀን አፍጥጬ፣ "አንተ፣ ያደረግከው ነገር አለ?" አልኩት። "እኔ ምን አድርጌ" አለ። አላደረግኩም አላለም። እስኪሞት ድረስ ከዚያ ሌላ ቃል አላወጣሁም ከአፉ። በሬሳው ፊት ቆሜ እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ይሄው ጥያቄ ነበር ከእንባዬ ጋር የሚመላለሰው።

መንገዱ መጀመሪያ ገረጋንቲ ነበር። በጋ አቧራው ገንፎአችን ላይ ይወርዳል፣ ክረምት ጭቃው የአይሱዙ ጎማ ይውጣል፤ ልጆች ሲገፉ ይውላሉ። ኋላ አስፋልት ሆነ። ሐጂ እንዳሉት ሹፌሮቹ መሀል ከተማ መቆም ተዉ። ካሴት ቤቶቹ ሞባይል መሸጫ ሆኑ። ሐጂ ግን ብልህ ናቸው፣ አልቅሰው አልቀሩም፤ ልጃቸውን ቀለበቱ አፍ ላይ አዲስ ሱቅ አስከፈቱት። ያልገባኝ እሱ ነው። መንገዱ በሰው ሁሉ ላይ አንድ ነገር አድርጎ ያልፋል፣ አንዱን ሱቅ ያስከፍታል፣ አንዷን ከእንሰቷ ይነቅላል፣ እኔን ደግሞ በቦታዬ አስቀምጦ ስሜን ይወስዳል። ሰፈሩ ሁሉ ያምነኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ስኳር ስበደር እንኳ፣ "አንቺማ ሰው አለሽ" ይሉኝ ጀመር። ሰው አለሽ! አማረችን ያጣሁት እኔ ነኝ ሰው ያለኝ።

ጸሎት ቤት ስንገናኝ አማረች ትጨብጠኛለች። ፊቷን ወደ ጎን አድርጋ፣ ጣቶቿን ብቻ ሰጥታ። አስቴር ስታገባ ተጠራሁ፣ ግን ከሩቅ ዘመድ ጋር ነው ያስቀመጡኝ። ማርቆስ ሲያገባ መጣች፣ በላች፣ መረቀች፣ ሄደች። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ቢሞክሩ፣ "ከማን ጋር ተጣላሁና" ትላለች። ያልተጣላን ሰው እንዴት አድርገው ያስታርቁታል?

ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ፣ ከተማው በተማሪ ሞልቶ፣ ባጃጅ እንደ ዝንብ በወረረን ጊዜ ነው። ለደም ግፊት መድኃኒቴ ኦቶና ሆስፒታል አግዳሚ ላይ ተራ ጠብቄ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ አንድ ሸምገል ያለ፣ ፂሙ የነጣ ሰው ለወረፋው ሁሉ ይደነፋል። "የጉኑኖን መንገድ እኔ ነኝ የለካሁት። የቤሌን መንገድ እኔ ነኝ። በዘንግ! እናንተ ስትተኙ እኔ ገደል ውስጥ ዘንግ ይዤ ቆሜ ነበር።"

"ቀለበቱንስ?" አልኩት።

"ቀለበቱንማ ከጫፍ እስከ ጫፍ!"

"ኩርባውንስ?"

ሰውዬው ሳቀ። ሳቁን በመሀረቡ ሸፍኖ ወደኔ ጠጋ አለ። "ያ የሴቶች ኩርባ ነው፣ እናቴ። አንድ ጓሮ እንሰት ይፋቃል፣ ቅጠል አጋድመዋል። እኔ የሰው ልጅ ነኝ፣ እንዴት አልፋለሁ? ያ ኢንጂነር ደግሞ ከየት አገር እንደመጣ እንጃ፣ ቀጥል ይለኛል። ምን ልበለው? ሴቶች እግራቸውን ሰቅለዋል ልበለው? ጨነቀኝና፣ ጌታዬ፣ እዚያ ረግረግ ነው፣ ጎማ ይውጣል አልኩት። አመነኝ።"

እጁን ያዝኩት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የወንድ እጅ ይዤ በመንገድ ሄጄ አላውቅም። "ተነስ" አልኩት። "ወረፋዬ!" ቢል፣ "ወረፋህ አይሄድም፣ ቤቷ ቅርብ ነው" ብዬ አስነሳሁት። የአማረችን ነገር በመንገድ ነገርኩት። ያ ሁሉ ድንፋታው ጠፍቶ ኮሌታውን ያስተካክል ጀመር።

አማረች በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ስኳር ድንች ትቀቅላለች። እኔን ስታይ ፊቷ ያው እንደወትሮው ነው። እንግዳውን ስታይ ግን ተነሳች፤ እንግዳ እንግዳ ነው። "ሳሮ፣ ሳሮ" ብለን ሰላም ተባባልን። የተቀቀለውን ስኳር ድንች ከሚያቃጥለው የበርበሬ ዳታ ጋር አቀረበችለት። ዙሪያውን አየሁ፤ እንሰቶቿ አድገዋል፣ ግን እንደ ድሮዎቹ አልወፈሩም። "ይሄ ሰው የሚነግርሽ ነገር አለው" አልኳት። ሰውዬው ነገራት፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ለኔ እንዳለው። ቅጠሉን፣ ኢንጂነሩን፣ ረግረጉን። ቅጠሉን ማን እንዳሰረው አያውቅምና አላነሳም። እኔ ፊቷን ነበር የማየው። "ቅጠል" ሲል ዓይኗ አንድ ጊዜ ወደኔ መጣና ተመለሰ። የዚያ ሁሉ ዓመት ዝምታዬ ያኔ የገባት መሰለኝ።

የያዘችውን ድንች ልጣ ጨረሰች። ከዚያ ቀና ብላ ሰውዬውን አየችው።

"ይሄን እንድትነግረኝ ዛሬ ምን ሰጠችህ?"

"ኧረ እናቴ! ከወረፋ ላይ ጎትታኝ መጣች እንጂ ምን ትሰጠኛለች!"

"እሺ። ያኔስ? ባሏ ምን ሰጥቶህ ነበር?"

እኔ መሀል ልገባ ነበር፤ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ዘጋሁት። ያን ጥያቄ እኔም ስንት ዓመት ስጠብቀው ኖሬያለሁ።

"ባሏ ማነው?" አለ።

"አናጺው" አለች።

"አናጺው? ያ ዝምተኛው?" ሰውዬው ድንቹን ጎረሰ፤ አላመጠ። "አይ፣ እሱ ምንም አልሰጠኝም። ሻይ ነው የጋበዘኝ፣ ሌላ ነገር የለም።"

"ከዚያ በፊት ነው በኋላ?"

ሁለታችን ነን ያልነው። በአንድ አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ። ሰውዬው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ።

"ምኑ?"

"ሻዩ!" አለች አማረች። "ቅጠሉን ከማየትህ በፊት ነው የጠጣኸው በኋላ?"

"ተናገር" አልኩ እኔም።

"እኔ ያኔ የጠጣሁትን ሻይ ሁሉ እንዴት..." አለና ብድግ አለ። "ኧረ ወረፋዬ! ስሜ ተጠርቶ ይሆናል" ብሎ፣ እጁን ሳይታጠብ፣ ዳታው ፂሙ ላይ እንዳለ ወጣ። ወደ ሆስፒታሉ አልዞረም። ወደ ባጃጅ ፌርማታው ነው የሄደው፣ ሁለታችንም አይተነዋል።

አማረች ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ልሂድ ልቀመጥ እያልኩ ቆሜአለሁ። በእግሯ በርጩማውን ወደኔ ገፋችልኝ።

"ዋሽቷል" አለች።

"ዋሽቷል" አልኩና ተቀመጥኩ።

"የትኛውን ነው ግን የዋሸው? ረግረጉን ነው ሻዩን?"

"ረግረጉ እውነት ይመስላል። እንደዚያ ያለ ነገር ከየት ያመጣዋል?"

"ሻዩስ?"

"ሻዩም እውነት ይመስላል። ያ ነው የከፋው።"

ድንቹን ወደኔ አስጠጋች። በላሁ። ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ ዘረዘርነው፤ አሳሳሉን፣ አጎራረሱን፣ "አናጺው?" ሲል እንዴት እንዳየን። ከሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። መድኃኒቴን ሳልወስድ ፋርማሲው ዘጋ።

"የማርቆስ እናት" አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እኔን ያን ሁሉ ዘመን ጎረቤቱን፣ የማርቆስ አባት ሻይ ጋብዞኝ አያውቅም።"

"እኔንም" አልኳት።